ወፍጮ ቤቱ ጋ የቆመው ጥሩምባ

በጥር መጨረሻ የወንድማችንን የደምለውን ሙት ዓመት ስናወጣ ቤቱ በሰው ሞልቶ ነበር። ሉማሜ ውስጥ ደምለው የሰፋውን ልብስ ያልለበሰ ሰው ጥቂት ነው፤ በእሱ ጥሩምባ ተጠርቶ ቀብር ያልወጣማ ከዚያም ያንሳል። ጸሎቱ እንዳለቀ ሰው ጠላውን ይዞ ወሬውን ጀመረ። አንዲት እናት፣ የልጃቸውን የትምህርት ቤት ሱሪ በየዓመቱ እጥፋቱን እየለቀቀ ከአራተኛ እስከ ሰባተኛ ክፍል እንዳደረሰላቸው ተናገሩ። "ልጁም አደገ፣ ሱሪውም አብሮት አደገ" ብለው አሳቁን። ከደብረ ማርቆስ የመጣ የድሮ የኪነት ጓደኛው ደግሞ፣ "እሱ ትራምፔት ሲነፋ ትንፋሽ የሚያጥረን እኛ ከበሮ መቺዎቹ ነበርን" አለ። አምና መንገድ ተዘግቶ ለቀብሩ ያልደረሱት የአዲስ አበባ ዘመዶቻችን ያመለጣቸውን ሁሉ እየጠየቁ ሲሰሙ ዋሉ።

እናታችን ስትሞት ስለነበሩት ሦስት ሳምንታት ግን ማንም አላነሣም። አብዛኛው ሰው ግማሹን ብቻ ነው የሚያውቀው። ሌላውን ግማሽ የምናውቅ እኔና እህቴ ጤናዬ ነን። ማታ ዕቃ ስናጥብ ጤናዬን "ለምን አልነገርሻቸውም?" ብላት፣ "አንቺ ጻፊው ሕሊና፤ እኔ ከጀመርሁት ሳልጨርሰው አለቅሳለሁ" አለችኝ። ስለዚህ ጻፍሁት።

ደምለው የቤታችን በኩር ነው። በአሥራ ሰባት ዓመቱ ደብረ ማርቆስ ሄዶ የአውራጃው ኪነት ቡድን ውስጥ ገባ፤ ትራምፔት ሰጡት። በሦስተኛው ዓመት ከአዲስ አበባ የመጡ ሰዎች ሲነፋ ሰምተው ለጦሩ የሙዚቃ ክፍል ስሙን መዝግበው ሄዱ። በዚያው ክረምት አባታችን ዓባይ በረሃ ወርዶ ወባ ይዞት ተመለሰ፤ ሳምንትም አልቆየ። እኔ የሦስት ዓመት፣ ጤናዬ የስድስት ዓመት ልጆች ነበርን። ደምለው ትራምፔቱን በፊርማ አስረክቦ፣ ሻንጣውን በጭነት መኪና ላይ ወርውሮ መጣ። እናታችን ወለተ ሰንበት "ሂድ ልጄ፣ ለኛ እግዚአብሔር አለልን" ብትለው፣ "እግዚአብሔርማ አለ፤ ግን ልብስ አይሰፋልሽም" አላት ይባላል።

ስፌት ተማረና አንዲት አሮጌ የእግር መኪና በጎረቤታችን በሀጀራ አባት ሱቅ በረንዳ ላይ ተከለ። ሀጀራ ሱቁን ከአባቷ ተረክባ ካረጀች በኋላም ያቺ መኪና ከዚያው አልተነሣችም። ልጆች ሆነን ከትምህርት ቤት ስንመለስ በቅዳጅ ጨርቁ ላይ እንቀመጣለን፤ እሱ እየሰፋ ያንጎራጉራል፣ እግሩ ምቱን ይመታል፣ እኛ እናጨበጭባለን። መሀል ላይ እጁን ያነሣና ዝም ያሰኘናል።

"ቁጠሩ፣ ቁጠሩ፣ በሆዳችሁ ቁጠሩ… አሁን ግቡ!"

ጤናዬ አንድ ቀን ስታ አታውቅም። እኔ ሁልጊዜ ቀድሜ እገባለሁ። "አንቺ ዝም ማለት አትችዪም" ይለኛል። አሁንም አልቻልሁም።

በሰማንያ ሰባት ዓመተ ምሕረት የእድራችን ለፋፊ የነበሩት ሽማግሌ የፊት ጥርሳቸው ረገፈና ጥሩምባው እንደ ታመመ በሬ ያቃስት ጀመር። ደምለው "እኔ ልንፋ" አለ። የእድር ጥሩምባ ምን አላት፤ ክንድ የምታህል ቆርቆሮ ናት፤ ቁልፍ የላት፣ መዝጊያ የላት። አንድ ድምፅ ብቻ ያላት ይመስለን ነበር። ደምለው ሦስት አወጣላት። በመጀመሪያው ማለዳ ሰው ሁሉ ከቤቱ ወጥቶ ቆመ፤ ለቀብር ለመዘጋጀት ሳይሆን ለመስማት። በቀጣዩ እሑድ የእድሩ ዳኛ ጋሽ ገብረ ሚካኤል ስብሰባውን ገና ሳይከፍቱ ጀመሩት።

"ስማ ደምለው፣ የሞተብን ሰው ነው፤ ታቦት አልወጣም።"

"ምን አጠፋሁ ጋሽ ገብረ ሚካኤል?"

"አሳመርኸው! የሟች ባለቤት ለቅሷቸውን አቁመው ሲሰሙህ በዓይኔ አይቻለሁ።"

"ታዲያ ትንሽ ቢያርፉ ምን አለበት? ቀኑን ሙሉ ሊያለቅሱ አይደለም?"

"ይኸው! አያችሁት? መልስ አያልቅበትም!"

"እሺ፣ ስንቱን ድምፅ ልተው?"

ተከራከሩ። በመጨረሻ "አንዱን ትተህ ሁለቱን ንፋ" ተብሎ በድምፅ ብልጫ ተወሰነ። ደምለው ውሳኔውን አከበረ። ሦስተኛዋን ድምፅ ቤት ውስጥ፣ እናታችን ደኅና በዋለችበት ቀን፣ ለእሷ ብቻ ያሰማት ነበር።

ሥራውን የሚሠራው በሥርዓት ነው። ሐዘን ቤት ይገባና፣ ከማልቀሱም ከማጽናናቱም በፊት፣ አንድ ነገር ይጠይቃል። "ያልሰማ፣ አሁን መስማት የሌለበትስ ማን አለ?" ይላል። የሟች ልጅ ነፍሰ ጡር ትሆናለች፣ አንዱ ልብ ድካም ይኖረዋል፣ ሌላዋ አራስ ትሆናለች። እንዲህ ያለው ሰው ዘመድ ተሰብስቦ፣ ጊዜውን ጠብቆ፣ በማለዳ ቤቱ ሄዶ በወጉ እስኪያረዳው ድረስ ከመንገድ መስማት የለበትም። ደምለው ያንን ሰፈር ያልፈዋል። ሌላ ቦታ ሁሉ ይነፋል፤ ቤተ ክርስቲያኑ ጋ፣ መናኸሪያው ጋ፣ ገበያው ጋ፣ ወፍጮ ቤቱ ጋ፣ ከዚያ አስፋልቱን ተሻግሮ ከማዶ ያለው ሰፈር፣ ሁልጊዜ በዚሁ ቅደም ተከተል። እንዲያልፈው የተነገረውን ሰፈር ግን ጥሩምባውን ጋቢው ውስጥ ደብቆ፣ ዝም ብሎ ያልፋል። ለእኛ ለእህቶቹ "መንፋቱ ቀላል ነው፤ የሚከብደው የት እንደማይነፉ ማወቅ ነው" ይለን ነበር። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ አንድም ሰው በእሱ ጥሩምባ ደንግጦ አልወደቀም። በዚህ ይኮራ ነበር፤ ሌላ የሚኮራበት ነገር ሲያወራ ሰምቼው አላውቅም።

ጤናዬ ያገባችው ከአስፋልቱ ማዶ ያለውን አካለ ወልድን ነው። ካገባች አሥራ አንድ ዓመቷ ነበር፤ ሦስት ጊዜ ፀንሳ ሦስቱም አልቆዩላትም። በሁለት ሺህ ዘጠኝ፣ ፋሲካ ካለፈ በኋላ፣ ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል በኦፕራሲዮን ሴት ልጅ ተገላገለች። ደምለው ልጅቷን ገና እንዳያት "ዜማ ትባል" አለ፤ ማንም አልተቃወመውም። ልጅቷ ደኅና ነበረች። የጤናዬ የደም ግፊት ግን አልወርድ አለ። ሐኪሙ ሲያስወጣት ደምለውን ለብቻው ጠርቶ፣ "መድኃኒቷን በሰዓቱ ትውሰድ። ከሁሉም በላይ ግን ድንጋጤ እንዳያገኛት። ግፊቷ እንዲህ እያለ ክፉኛ ብትደነግጥ አንጎሏ ውስጥ ደም ሊፈስ ይችላል" አለው። ደምለው እኔንና አካለ ወልድን ደጅ አስቆመንና፣ "ይች ልጅ ብርጭቆ ሲሰበር እንኳ እንዳትሰማ" አለን። ከቤት ቤት እየዞረ ለጎረቤቶቿም ይህንኑ ተናገረ።

እናታችን ከደምለው ጋር ነበር የምትኖረው። እሱ አላገባም፤ "ሦስት ሴት ለአንድ ወንድ ይበቃል" እያለ ያልፈዋል። እግሯ ያብጥ ስለነበር ከሰዓት በኋላ ክንዱን ተደግፋ፣ አስፋልቱን ቀስ ብላ ተሻግራ ጤናዬን ታያለች። እንዲህ ስምንት ቀን መጣች። በዘጠነኛው ቀን ሊነጋጋ ሲል ደምለው እንደ ልማዱ ለእግሯ ውኃ አሙቆ ቢጠራት አልመለሰችም።

እኔ እነዚያን ቀናት ጤናዬ ዘንድ ነበር የማድረው። ጎሕ እንደቀደደ ሀጀራ በሩን አንኳኳች።

"ሕሊና፣ ነይ እስቲ ወተቱን ተቀበዪኝ።"

ወጣሁ። በእጇ ወተትም አለ። ከግቢው በር ውጭ ጎትታኝ፣ አፌን በመዳፏ ከድና ነገረችኝ። ለምን አፌን እንደከደነች የገባኝ እጇን ስነክሳት ነው። ሀጀራም እያለቀሰች፣ "ደምለው ፊትሽን ታጠቢና ተመለሽ ብሎሻል። አካለ ወልድ ለቀብሩ ይፈለጋል፤ እሷ ዘንድ የሚሆን ሌላ ሰው የለም ብሏል" አለችኝ። ከዚያ ዓይኗን ጠራርጋ፣ ድምፅዋን አስተካክላ ወደ ቤት ገባችና "ጤናዬ ሙች፣ ስልኬ ተበላሸብኝ፤ ያንቺን ለዛሬ አውሺኝ፣ ከደንበኛ ጋር ቀጠሮ አለኝ" ብላ ስልኳን ወስዳ ወጣች።

እዚያ እናታችን ቤት የሆነውን በኋላ ራሷ ሀጀራ ናት የነገረችኝ። ማንም ጮኾ እንዳያለቅስ ደምለው በር ላይ ቆሞ የገባውን ሁሉ ይለምን ነበር። ጋሽ ገብረ ሚካኤል መጡ።

"አንተ ዛሬ ሐዘንተኛ ነህ። ሌላ ሰው ይንፋ" አሉት።

"ሌላ ሰው የት እንደማይነፋ አያውቅም።"

"እንግዲያው ጭራሹን አይነፋ። በስልክም በሰውም ይነገራል። ለልጅቷም ይሻላል።"

እዚህ ላይ ነው ደምለው የተሳሳተ። "ጋሽ ገብረ ሚካኤል፣ ሃያ ሁለት ዓመት ለሰው ሁሉ ነፍቻለሁ። በወር አንዴ ለእድር ብቅ ለሚለው እንኳ ነፍቻለሁ። እናቴ በጓሮ ትውጣ?" አላቸው። ጥሩምባውን ይዞ ወጣ። የማዶውን ሰፈር ብቻ ይዘለዋል፤ አለቀ፤ ሌሎችን ሲያደርግ እንደኖረው። ያላሰበው ነገር፣ ከማዶ ያለችው አድማጭ ከስድስት ዓመቷ ጀምሮ እሱ ራሱ ያስተማራት መሆኗን ነው።

ጤናዬ እያጠባች ነበር። ከቤተ ክርስቲያኑ በኩል ጥሩምባው ተሰማ። ከዚያ ርቀት ቃሉ አይለይም፤ ድምፁ ግን ይደርሳል።

"ማን ሞቶ ይሆን?" አለች።

"እንጃ።"

"ሀጀራ አልነገረችሽም?"

"ሀጀራ ወተት ነው ያመጣችው።"

"ዛሬ ትንፋሹ ይንቀጠቀጣል። ብርድ መትቶታል። በማለዳ ጋቢ ደርብ ቢሉት አይሰማ።"

መናኸሪያው ጋ ነፋ። ገበያው ጋ ነፋ። እኔ ጀርባዬን ሰጥቻት ድስት ማማሰል ጀመርሁ፤ ድስቱ ውስጥ ምንም አልነበረም። ወፍጮ ቤቱ ጋ ነፋ፤ ይኸኛው ቅርብ ነው፤ ልጅቷ እንኳ ጡቱን ለቅቃ ዓይኗን ገለጠች።

"አሁን ይሻገራል" አለች ጤናዬ።

ከወፍጮ ቤቱ እስከ እሷ ሰፈር የአራት ደቂቃ መንገድ ነው። አንድ አውቶቡስ ጥሩምባውን እየነፋ በአስፋልቱ አለፈ። ጤናዬ ጭንቅላቷን ወደ በሩ አዘንብላ ቀረች፤ ከንፈሯ ትንሽ ትንሽ ይንቀሳቀስ ነበር። አየኋት፤ ትቆጥራለች።

"ሕሊና።"

"እ?"

"አልመጣም።"

"ደክሞት ይሆናል።"

"ጋሼ ደክሞት ሰፈር አይዘልም። ሀጀራ ስልኬን ለምን ወሰደች?"

"የሷ ተበላሽቶባት ነው አላለችሽም?"

"ሀጀራ ሁለት ስልክ አላት።" ከዚያ ድምፅዋ ዝቅ አለ። "የሚዘለው ለእኔ ነው ማለት ነው። እማዬ ናት?"

ያን ቀን ማለዳ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም አልሁ፤ ያም ራሱ መልስ ሆነ።

አልጮኸችም። የጋቢዋን ጫፍ አፏ ውስጥ አስገብታ ነከሰችው። ልጅቷን ሰጠችኝና ሐኪሙ እንዳዘዛት በግራ ጎኗ ተኛች፤ እጄን ይዛ እስኪደነዝዝ ጨመቀችው። አንገቷ ላይ ያለው ሥር ሲመታ ይታየኝ ነበር። እሱን እያየሁ መጸለይ እንኳ አቃተኝ። ስንት ጊዜ እንደቆየን አላውቅም። ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ ግድግዳው ላይ ስትደርስ አፏን ከጋቢው አላቀቀች።

"ጋሼ እንዳያውቅ" አለች።

"ምኑን?"

"መስማቴን። እናቱን እየቀበረ፣ እህቴንም በጥሩምባዬ ገደልሁ ብሎ ያስብ? አልሰማችም በዪው። ግፊቴ እስኪወርድ ድረስ አልሰማሁም።"

"ብትታመሚስ?"

"አልታመምም" አለች፤ በትእዛዝ የሚሆን ነገር ይመስል።

እናታችን በስድስት ሰዓት ተቀበረች። እኔና ጤናዬ ቤቱን ዘግተን፣ በየተራ ልጅቷን እየያዝን፣ ድምፅ ሳናወጣ አለቀስን። ከሰዓት በኋላ ሀጀራ ሾርባ ይዛ መጣችና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ "እናትሽ ዛሬ እግራቸው ብሶባቸው ነው የቀሩ፤ ሰላም በዪልኝ ብለውሻል" አለቻት። ከቀብር መምጣቷ በጫማዋ አፈር ያስታውቃል። ጤናዬም አፈሩን እያየች፣ "አንቺም ሰላም በዪልኝ" አለቻት።

እንዲህ ሆኖ ሦስት ሳምንት ቀጠለ። ደምለው ከሐዘን ቤት በየማታው ይነሣል። ጥቁር ሸሚዙን ሀጀራ በረንዳ ላይ፣ ከስፌት መኪናው ጀርባ አውልቆ፣ ባለ መስመሩን ኮት ይለብስና አስፋልቱን ይሻገራል። ወንድ ልጅ እናቱን ሲቀብር ጠጉሩን ይላጫል፤ እሱ ጤናዬ እንዳታይበት አልተላጨም። በሣልስቱ ቀን አንዲት የሩቅ ዘመድ ድንኳን ውስጥ ሰው እየሰማ፣ "ምን ያለው ልብ ነው! እናቱን ቀብሮ ጠጉሩን ያበጥራል!" ብትል፣ "ብርድ ፈርቼ ነው እትዬ" ብሎ አለፋት። ዓይኑ እንዳያብጥ ብሎ አላለቀሰም። ይህን የማውቀው በኋላ የእኛ ዘመዶች ሲያሙት ስለሰማሁ ነው፤ ሁሉም ሰው የእሱን እንባ ይጠብቅ ነበር።

አንድ ማታ በፔርሙስ አጥሚት ይዞ መጣ።

"እማዬ ናት የሠራችልሽ" አለ።

ጤናዬ ቀመሰች። እኔም ሽታው ደርሶኛል፤ አርሯል። እናታችን ዕድሜዋን ሙሉ አጥሚት አሳርራ አታውቅም። ደምለው አጎንብሶ ፊቷን ያያል።

"እንዴት ነው?"

"እጇ ነዋ" አለችና እስከ ታች ጠጣችው።

"ነገም ትሠራልሻለች።"

"አትድከም በላት። እግሯስ?"

"ትንሽ ጎድሏል። ከነገ ወዲያ ሳትመጣ አትቀርም።"

"አትቸኩል፤ እኔ ደኅና ነኝ በላት።"

"እላታለሁ።"

ከዚያ ዜማን ይታቀፋል። ያንጎራጉርላታል፤ በጣቱ ጀርባዋ ላይ ምቱን ይመታል። ጤናዬ ዓይኗን ጨፍና ትሰማለች። ሁለቱም የሚያውቁትን ደብቀው፣ ሁለቱም አንዱ ሌላውን ያዳነ እየመሰለው፣ በዚያች ሕፃን ዙሪያ ይቀመጣሉ። እኔ መሀላቸው ነኝ። ልሸኘው ስወጣ በሩ ላይ ሁልጊዜ ይጠይቀኛል።

"ጠርጥራለች?"

"ኧረ ምንም።"

"እርግጠኛ ነሽ? ፊቷ ጠቁሮብኛል።"

"አራስ እኮ ናት፤ እንቅልፍ የላት።"

"እግዚአብሔር ይመስገን" ይላል። "ያን ቀን አለመሻገሬ ጠቀመ። እሱን እያሰብሁ ነው እንቅልፍ የሚወስደኝ።" እኔ ደግሞ ይህን ሰምቼ ወደ ቤት ስገባ ጤናዬ "ምን አለሽ?" ትለኛለች። እነግራታለሁ። "ተመስገን፣ ይተኛ" ትላለች።

የጤና ጣቢያዋ ነርስ በየሁለት ቀኑ እየመጣች ትለካታለች። በመጀመሪያው ሳምንት ቁጥሩን እያየች ከንፈሯን ነከሰች፤ ጤናዬም "ምን ላድርግ፣ ልጅቷ አታስተኛኝ" ትላታለች። በሁለተኛው ሳምንት ትንሽ ወረደ። በሦስተኛው ሳምንት ሐሙስ ነርሷ ሁለት ጊዜ ለክታ፣ "አሁንስ ሰው ሆነሻል" አለቻት። የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ ሀጀራ የጤናዬን ስልክ ይዛ መጣች።

"አሠራሁት" አለች።

"የኔን ነው ያሠራሽው?"

"አይ… የኔን። ያንቺንም አብሬ አስጠረግሁልሽ።"

ሀጀራ እንደወጣች ጤናዬ ወደ እኔ ዞረች። "ስልኬ ከተመለሰ ነገ ሊያረዱኝ ነው" አለች። እንዳለችውም ነበር፤ ዓርብ ማለዳ ተብሎ ተቆርጧል።

ዓርብ ከእነሱ ቀድማ ተነሣች። ጥቁር ቀሚሷን ከሣጥኑ ሥር አወጣች፤ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ጥለቱን ወደ አንገቷ አደረገች፤ ዜማን አጥብታ ለእኔ ሰጠችኝ። ከበሩ ውጭ የብዙ ሰው እግር ቀስ ብሎ ሲመጣ ተሰማ። ሳያንኳኩ ከፈተችላቸው።

ከፊት ጋሽ ገብረ ሚካኤል ነበሩ፤ ከኋላቸው አካለ ወልድ፣ ሀጀራ፣ አምስት ስድስት ዘመዶች፣ ከሁሉም ኋላ ደምለው ባለ መስመሩን ኮት እንደለበሰ። ጋሽ ገብረ ሚካኤል ያዘጋጁትን ንግግር ጀምረውት ነበር።

"ልጄ ጤናዬ፣ እንግዲህ ሰው ሆኖ…" አሉና ነጠላዋን አይተው አቋረጡ።

"አይድከሙ ጋሽ ገብረ ሚካኤል" አለቻቸው። ከትከሻቸው በላይ አሻግራ አየች። "ጋሼ፣ ሰምቻለሁ።"

ደምለው ሰዉን እየከፈለ ወደ ፊት መጣ። "መቼ?"

"የዚያኑ ዕለት።"

"ማን ነገረሽ?" ብሎ እኔን በዓይኑ ፈለገ።

"ማንም አልነገረኝ። ወፍጮ ቤቱ ጋ ነፍተህ ሳትሻገር ስትቀር ነው።"

ቆሞ አሰበው። ደረጃ በደረጃ በሐሳቡ ወደ ኋላ ሲሄድ ከፊቱ ይነበብ ነበር፤ ኮቱ፣ ጠጉሩ፣ የእናታችን እግር፣ ሰላምታው።

"አጥሚቱንስ?" አለ በመጨረሻ።

"ያረረ ነበር።"

"ሁልጊዜ?"

"ሁልጊዜ።"

ሀጀራ ሳቅ አመለጣት፤ ሳቁ ሳያልቅ ለቅሶ ሆነ። ደምለው ደጃፉ ላይ ተቀመጠ። እጁን ራሱ ላይ ጭኖ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ በሃምሳ ሁለት ዓመቱ እንደ ልጅ "እማዬ! እማዬ!" እያለ አለቀሰ። ጤናዬም አጠገቡ መሬት ላይ ተቀመጠችና ሦስት ሳምንት የዋጠችውን አወጣችው። ማንም ዝም በሉ አላላቸው። እኔ ልጅቷን ታቅፌ ስለነበር የኔን እንባ ሀጀራ ጠረገችልኝ።

ብዙ ቆይተው ሲበርድላቸው ጤናዬ ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገች።

"ጋሼ፣ ሰፈር ሁሉ ተነፍቶላታል። እዚህ አልተነፋላትም።"

"ለአንቺ ብዬ ነው።"

"አውቃለሁ። አሁን ንፋላት።"

ደምለው ዳኛውን አየ። እሳቸው ዓይናቸውን መሬት ላይ ተከሉ። ጥሩምባው በረንዳው ላይ፣ ከስፌት መኪናው ሥር ነበር፤ ሀጀራ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጥላ ሄዳ አመጣችለት። ተነሣ። ኮቱን አውልቆ ለአካለ ወልድ ሰጠው፤ ከሥር ጥቁሩን ሸሚዝ ለብሶ ነበር። መንገዱ መሀል ሄዶ ቆመና ነፋ፤ ሦስቱንም ድምፅ ነፋ። ከዚያ፣ "የወንድማችን የደምለው፣ የእህቶቻችን የጤናዬና የሕሊና እናት ወይዘሮ ወለተ ሰንበት አርፈዋል! ያልሰማችሁ ስሙ!" ብሎ ተጣራ።

በየበሩ ሰው ወጣ። ቀብሩ ላይ የነበሩ ናቸው፤ ሁሉም ያውቃሉ። ሦስት ሳምንት ሙሉ በጤናዬ ደጅ ሲያልፉ ነጠላቸውን እያገላበጡ፣ እየሳቁ ሰላም ሲሏት የሰነበቱ ሴቶች አሁን ጥለቱን ወደ አንገታቸው መልሰው፣ እያለቀሱ መጡ። መንገዱ ሞላ። ደምለው ለሁለተኛ ጊዜ ነፋ። ለሦስተኛ ጊዜ ሲጀምር ከንፈሩ አልታዘዝ አለው፤ ትንፋሹ ብቻ በቆርቆሮው ውስጥ አለፈ። እንደገና ሊሞክር ጥሩምባውን ሲያነሣ ጋሽ ገብረ ሚካኤል ክንዱን ያዙት።

"ይበቃል ልጄ" አሉት። "ተሰምቷል።"